ጥያቄ ቁጥር አሥራ አንድ

ደማም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የታዳጊዎች ክፍል።
መስኮቱ አይከፈትም፤ ባሕሩ ከሩቅ እንደ ቆርቆሮ ያበራል።
ሊሲ፣ የኬረላዋ ነርስ፣ ቀበቶውን ተቀብላ፣
የጫማውን ክር መዝዛ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣
ስሙን ጻፈችበት፦ ሙዘሚል። አሥራ አምስት ዓመቱ።
ከአፍንጫው ሥር ቆስሏል፤ የማስቲሹ ምልክቱ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ በሰዓት የምከፈል።
ከራሴ እንዳልጨምር፣ ከሌላው እንዳላጎድል
ፈርሜያለሁ።

ዶክተር ሀያ ቅጹን ገለጠች። መልሱ ሦስት ሳጥን ነው፤
አዎ፣ የለም፣ ትዝ አይለኝም፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

የፊት የፊቱን ቶሎ ቶሎ አለፍነው።
ማስቲሽ? አዎ።
ከመቼ? ኢቃማዬ ተቃጥሎ፣ ከትምህርት ቤት የቀረሁ ለት።
ቀለም ማቅጠኛ? አዎ። ነጯ ክኒን? እሷማ ሁለት ሁለት፣
ከመኪና ዕቃ ሳራግፍ፣ ሌሊቱን ለመግፋት።

ከዚያ አሥራ አንደኛው፦
በልጅነትህ፣ ከቤትህ ሰው፣ የመታህ ወይ የጎዳህ አለ?
በአማርኛ አልኩት። ሣቅ አለ።
"ኧረ ማንም! ተቀጥቼ ነው ያደግኩት።
ስድ እመስልሻለሁ?"

ተቀጥቼ።
ይህችን ቃል በየት በኩል ላሻግራት?
በዐረብኛ ቅጣት ሌላ፣ ማሳደግ ሌላ ናት፤
እኛ ዘንድ ግን ባንድ በር ነው የሚገቡት።
የተቀጣ ልጅ ስንል፣ ታላቅ ሲመጣ ብድግ የሚል፣ ጨዋ ነው፤
ያልተቀጣውን "አሳዳጊ የበደለው" እንለዋለን፣ ስንሰድበው።
ስድቡ ለልጁ ነው።
በደሉስ የማን ነው?

"ምን አለ?" ትላለች ዶክተር።
"ትንሽ ይታገሡኝ" አልኩና ዞርኩ።
"እንዴት ነው የቀጡህ?" ቅጹ ላይ የሌለ ጠየቅሁ።

"እናቴ ሰው ቤት ናት፤ ጁምዓ ጁምዓ ነበር የምትመጣ።
አጎቴ ጋ ነው ያደግኩት። ከትምህርት ቤት ዘግይቼ ስመጣ፣
ወይ ሪያል ሲጎድልበት፣ መታጠቢያ ቤት ያስገባኛል፤
የአየር መሳቢያዋን በካልሲ ወትፎ፣ በርበሬ ፍም ላይ ይበትናል፤
በሩን በጀርባው ደግፎ፣ 'መቶ ቁጠር' ይለኛል።
እኔ የምችለው እስከ ስልሳ ነበር።
ስልሳ ስደርስ ከአንድ እጀምራለሁ።
መቶ ደርሼ አላውቅም።"

አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።
"በርበሬዋ የእናቴ ነበረች፤ ከሐይቅ በሰው ሻንጣ የመጣች።
አንድ ጁምዓ ቆርቆሮውን ከፍታ አየች፣
'ምነው ቶሎ አለቀ?' አለች።
ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።"

"ማስቲሹስ?"
"እሱ አያቃጥልም" አለኝ፤ መጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ።
"ከላስቲኩ ስትስቢው በሩ ራሱ ይጠፋል።
ከዚያ ወዲያ ማን ይቆጥራል?"

ሁሉንም ተረጎምኩ። ፍሙን፣ ካልሲውን፣ ስልሳውን።
ቆርቆሮው ጋ ስደርስ ትን አለኝ።
ኮምቦልቻ፣ የእህል ቤቱ፣ በስንጥቁ የአባቴ እግሮች፤
የጠፋችው አሥር ሳንቲም
ኋላ ከራሱ ኮት ኪስ ተገኘች።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነው። ሳሉ ግን ትናንት የጀመረኝ ይመስላል።

ሊሲ ለልጁ ውሃ አምጥታለት ነበር፣ በወረቀት ኩባያ።
ሙዘሚል አላነሣውም። አየኝ፣
በአንድ ጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ወደኔ አስጠጋው።
"አንቺንም ቀጥተውሻል" አለ።

"ምን አለ?"
የዶክተር ሀያ እስክሪብቶ አሥራ አንድ ላይ ቆሟል።
"አዎ" አልኳት።
የማን እንደሆነ አልጠየቀችም።
ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረገች፤
ወደ አሥራ ሁለት አለፈች።