ረጋ

ከዜሮ በታች ሃያ አራት፤ ኡሜኦ፣ በየካቲት፤
ወንዙ አፉን ዘግቷል፣ በረዶ ተጭኖት።
እኛ ግን ላብ በላብ፣ ስድስት ሰው ባንድ አልጋ፣
ዮርዲስን ስንገለብጥ፣ ገና ሳይነጋ።
አንዱ ራሷን ይዞ፣ አንዱ ቱቦዋን፣
አንዷ የልቧን ሽቦ፣ እኔ ትከሻዋን፣
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን ባገሩ አፍ፣
እንደ አሮጌ ብራና ገለጥናት፣ ቅጠሉ እንዳይረግፍ።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ፤
ሳል የያዘው ልጅ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ያልፋል በፊቷ።
ከነዚያ ካንዱ ነው፣ ከቀዩ ኮፍያ ወይ ካረንጓዴው ጓንት፣
ሳንባዋ የገባው፣ ግድግዳ እንኳ የሌለው አንዲት ረቂቅ ሕይወት።

መድኃኒቱ ተሰጥቷል፤ መሣሪያው ይተነፍስላታል፤
ትኩሳቷ ግን ልጓም እንደበጠሰ ፈረስ ይጋልባል።
«አቀዝቅዟት» አለ ዶክተር ኦርያን። አቀዘቀዝናት፤
ቀዝቃዛ ውኃ የሚዞርበትን ጨርቅ ደረብንላት።
በቋንቋዬ ብርድ ልብስ ይባላል፣ ብርድ ስለሚከላከል፤
ያን ሌሊት ግን ስሙን ቃል በቃል ወሰደው፦
ብርድን አለበሳት በአካል።

ትኩሳቱ ወረደ።
ቁጥሩ ሲወርድ እኛም ረጋን።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከላቦራቶሪ ተደወለ፦ «ናሙናው ተበላሽቷል፤
የቀይ ሕዋሱ ቁጥር ትርጉም አይሰጥም፤ ደሙ ረግቷል።»
ደግመን ቀዳን። ረጋ።
ሦስተኛ ቀዳን። ረጋ።

እኔ «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤
በሮጥሁ ቁጥር «ረጋ በል» ሲሉኝ ነው የሰማሁት፤
የረጋ ደም ምን ይወጣዋል?
ማንም አልነገረኝም በልጅነት።

ባትሪ አብርቼ አየሁ፤ የጆሮዋን ጫፍ፣ አፍንጫዋን፣
እንደ በሰለ እንጆሪ የጠቆረች ትንሿን ጣቷን።

ሚርያ፣ የላቦራቶሪዋ፣ ጡረታዋ ሊደርስ ሦስት ወር የቀራት፣
ሊፍት አልጠበቀችም፤ በደረጃ መጣች፣
ብልቃጡን በብብቷ ሸጉጣ፣ ብርድ እንደመታው ጫጩት።
«እዩ» አለች፤ አውጥታ አዘነበለችው ወደ መብራት፦
ደሙ ተፈትቶ፣ ቀጥኖ፣ እንደ ጤነኛ ደም ይወርዳል።
«አሁን ጠረጴዛው ላይ ተዉት።»
ተውነው። ቆጠርን።
መቶ ሳንደርስ፣ አሸዋ መስሏል።

ሳሉን ያመጣው ነገር ደሟንም አሳስቶት፣
ብርድ በነካው ቁጥር አንዱ ሕዋስ ሌላውን አቅፎት፣
እኛ ደግሞ ብርዱን ስናቀርብ፣ በትእዛዝ፣ በሰዓት።

ኦርያን ምንም አላለም።
ሄዶ ጨርቁን በገዛ እጁ ገፈፈው።
ከዚያ፣ ለማንም ሳይሆን፦ «እኔ ነኝ ያዘዝሁት፣ እኔ ነኝ» አለ፤
መስኮቱን እያየ፣ ምንም የማይታይበትን መስኮት።

ክፍሉን አሞቅን፤ የግሉኮሱን ከረጢት አሞቅን፤
የራሷ እየፈረሰ ነበርና፣ ተለግሶ የመጣላትን ደም አሞቅን፤
እኛው በጓንትና በጭንብል ውስጥ ቀለጥን።

ሊነጋጋ ሲል ልጇ ቱቫ መጣች፣ ከጫማዋ በረዶ እያራገፈች፤
«እጇን መያዝ ይፈቀዳል?» አለች።
ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን መለስሁት፣ ሌላ የምሰጠው አጥቼ፣
ለጠያቂው አዝኜ እንጂ ለታማሚው ይጠቅማል ብዬ አይደለም፣ ካልዋሸሁ።
«ያዢው» አልኋት። «ሁለቱንም። መድኃኒት ነው፤ ታዟል።»
ሳቀች መሰለኝ። እኔ አልቀለድሁም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ቱቦው ወጣ።
የትንሿን ጣት ጫፍ ቀዶ ሐኪሙ ወሰደው።
ድምፅዋ ሻክሮ፣ መጀመሪያ የጠየቀችው፦
«አውቶቡሱን ማን እየነዳው ነው?»

ዛሬም ደም ስቀዳ፣ ብልቃጡን ላንድ አፍታ በመዳፌ እይዛለሁ።
አዲሶቹ ነርሶች ይስቃሉ፤ ይሳቁ።
ቁጥሩ ሲወርድ፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣
አንዱ «ረጋ በል» ሲለኝ፣
ባትሪዬን አነሣለሁ፤
ጣት አያለሁ።