ስሜን ከመጠየቁ በፊት

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ክላክስቪክ ወደብ ላይ
ዝናቡ በአግድሙ፣ ባሕሩ ከሰማይ
ተቀላቅሎ ሲያድር፣
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ከዓሣ ፋብሪካው ሥር፤
የተደፋ ባልዲ ላይ፣ ቁጢጥ ብዬ ከሰርቨሩ ፊት፣
አፌ ውስጥ ባትሪ፣ ጉልበቴ ላይ ኪቦርድ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጩኸት።

ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ነጭ ጠቋሚ አለች፣
ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ፤ እንደ ጨዋ ሰሚ ትጠብቃለች።
ስሜን ጠየቀችኝ፤ ጻፍኩ።
ይለፍ ቃል አለችኝ፤ አሥራ አራት ፊደል፣
ጣቴ በቃሉ የያዘው፤ ጻፍኩ።
ቆም አለች፣ እንደሚያስብ ሰው።
«መግቢያው ትክክል አይደለም።»

እንደገና። ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብዬ አንብቤ፤
ኪቦርዱን ገልብጬ፣ የዓመታት የዳቦ ፍርፋሪ አራግፌ፣
«የታፈነ ቁልፍ ይኖራል» ብዬ አስቤ።
«መግቢያው ትክክል አይደለም።»

ስልኬ ጮኸ፤ ሮግቪ ነው፣ ከሚዛኑ ቤት፦
«ማርዩን፣ ሁለት ጀልባ ደጃችን ቆሟል፣ በረዶው ይሟሟል፤
ሰው ቢሆን በታገሠ፤ ዓሣ ምን ያውቃል ትዕግሥት!»

ሃኑስ ጡረታ ሲወጣ ነግሮኝ ነበር፦
«የበር ቁልፍ ስትቀይሪ አንድ እግርሽ ከውስጥ ይደር።»
በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጥቷል፤
ዛሬ ሁለቱም እግሬ ከደጅ ቆሟል።

ማሽኑን አጠፋሁ። ሲነሣ፣ ዘቡ ገና ሳይነቃ፣
አንዲት ቃል ጣል አድርጌ በጓሮ ገባሁኝ፤
ያለ ስም፣ ያለ ቃል፣ በሥሩ ገብቼ ሥር ራሱን ሆንኩኝ።
«ለንባብ ብቻ» ያለውን ዲስክ አባብዬ
የመግቢያውን ፋይል ከፈትኩ።

አራት መስመር። የዘቡ መመሪያ።
አንዱ «በቂ» ይላል፦ ቃሉን መርምር፤ ልክ ከሆነ ይበቃል፣ አስገባ።
አንዱ «ግድ» ይላል፦ ከልክል። ማንንም።
የዚህ ከልካይ ቦታው ከታች ነበር፣ ከመጨረሻ፣
ቃል ለሌለው ሁሉ መመለሻ።
አሁን ከሁሉ በላይ ተቀምጧል።

ዘቡ አላበደም። የተጻፈለትን አነበበ።
በፊተኛው መስመር ፍርዱን በልቡ ቋጠረ፤
ከዚያ፣ ምክንያቱን ማንም እንዳያውቅበት፣ በወጉ፣ በማዕረጉ፣
ቃሌን ተቀበለ፣ ከመዝገቡ ጋር አስተያየ፣
ልክ መሆኑንም አየ።
አይቶ መለሰኝ።

የለወጠው ማን ነው? ፋይሉ ቀን አለው፦
ማክሰኞ፣ ማታ አራት ሰዓት ተኩል።
እጁም የኔ።

ማክሰኞ። ሆግኒ የመጣ ማታ።
የአባታችንን ጀልባ የሸጠው ወንድሜ፣ ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ
ኮቱን ሳያወልቅ፣ ውሃው ወለሌ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሁሉን ነገረኝ።
ዕዳውን፣ ባንኩን፣ ፊርማውን።
እኔም «እህ፣ ከዚያስ?» እያልኩ እስከ ጫፍ አስወራሁት፤
ሻይም ቀድቼለት ነበር።
የተናገረው ልክ ነው። ልክ እንደሆነ ሰምቻለሁ።
«ይመሽብሃል» አልኩት።
በሩ ሲዘጋ ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ሥራ ውስጥ ተደበቅሁ፣
«ለጥንቃቄ» ብዬ አንዲት መስመር ወደ ላይ አነሣሁ።

ከላይ ቆረጥኩ፣ ከታች ለጠፍኩ።
ፊደል አልጨመርኩ፣ አልቀነስኩ።
ማሽኑ ተነሣ። ስም። ቃል። ገባሁ።

«ኮዱ ልክ ነው!» አለ ሮግቪ በስልክ። ዓሣውን ነው፤
ኮድ ይሉታል እዚህ፣ ሦስት ቶን ተኩል መዝኖ።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ። ለወንድም የሚደወልበት ሰዓት አይደለም።
መልእክት መጻፊያውን ከፈትኩ። «ሆግኒ» ብዬ ጻፍኩ።
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፤
ትጠብቃለች።