ጨው የበላው መስመር

ቀትር ላይ መጣ ያህዲህ፣ የሻሚ አሸዋ ሲያቃጥል፣
ወርቅ ፈላጊውን ብብቱ ስር ወሽቆ፣ የሰረቀው ዶሮ ይመስል።
«አብዷል» አለኝ፤ «ባዶ መሬት ላይ ይጮሃል፣
ቁራጭ ወርቅ ሳስጠጋለት ጭጭ ይላል።
አራት ግመል ሸጬበታለሁ።»
ግመሎቹን አንድ በአንድ በስም ጠራልኝ፤
ስማቸውን አልያዝኩም፤ የድምፁ መስለል ብቻ ነው የቀረኝ።

እኔ የካኤዲ ልጅ ነኝ፣ ሬዲዮ ስፈታ ያደግኩ፤
ወርቅ ተገኘ ሲባል ተከትዬ መጣሁ፣ ወርቁን ግን አልፈለግኩ።
ሰው ሲቆፍር መሣሪያው ይሰበራል፤
የእኔ ቤት በዚያ ያድራል።

አራት ብሎን ፈታሁ፤ አምስተኛዋ ዝጋ እምቢ አለች።
ዘይት አጠጣኋት፤ ሦስተኛውን ብርጭቆ ሻይ ስንጨርስ ተፈታች።
ክዳኑ ሲነሳ ቀድሞ የወጣው ሽታ ነው፤
የዓሣ፣ የባሕር። እኛ ያለነው በረሃ ነው።
«የት ነበር ይኼ?» አልኩት።
«ኑዋዲቡ። የወንድሜ ጀልባ ሆድ ውስጥ ደበቅኩት፣ ከሌባ።»
ከሌባ ሸሽቶ ጨው እጅ ገባ።

መለኪያዬን አነሳሁ፤ ቀዩን ጫፍ እዚህ፣ ጥቁሩን እዚያ።
ባትሪው ደህና። ፊውዙ ደህና። ማብሪያ ማጥፊያው ደህና።
ኃይሉ እስከ ትልቁ ቺፕ ድረስ ደህና።
ለቅሶ ቤት ገብተህ
«እንዴት ናችሁ» ስትል «ደህና፣ ደህና» እንደሚሉህ፣
ዓይናቸው ሌላ እየነገረህ።

ጨዉ ከካፓሲተሩ እግር ስር እንደ ሻጋታ ነጥቷል።
በጥርስ ብሩሽ፣ በአልኮል አጠብኩት፤ ሰሌዳው ጠርቷል፣
መስመሮቹም በዓይን ሙሉ ናቸው።
አንዷ ግን፣ ወደ ጥቅል ሽቦው የምትወስደው፣
በመለኪያው አንዴ ሲጥ ትላለች፣ አንዴ ትጠፋለች።
በመርፌ ጫፍ ነካ ባደርጋት መዳቧ ዱቄት ሆኖ ተነሳ፤
ከሥሯ ክፍተት፣ የፀጉር ያህል።
ግመል በመርፌ ቀዳዳ አያልፍም ይላሉ፤
የያህዲህ አራቱ ግን በዚያች ሾልከው ሄዱ፣ ከነጭነታቸው ሁሉ።

ከተጣለ የጆሮ ማዳመጫ ቀጭን ሽቦ መዘዝኩ፤
ልባሱን በክብሪት ላጥኩ፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤
መበየጃው ጨሰ፣ ቆርቆሮው ቀለጠ፣ ብልጭ ብሎ ረጋ።
ያህዲህ አጎንብሶ ለማየት ሲጠጋ
«ጥላህን አንሳልኝ» አልኩት።

ከቆርቆሮ ጣሪያው ርቀን ወጣን፣ ለሙከራ።
የሰርዲን ጣሳ፦ ጮኸ። ብርጭቆ፦ ዝም። ጉትቻዬን ሲያገኝ በቀጭኑ ተጣራ።
ያህዲህ ሳቀ፤ ዘንጉን ከእጄ ወሰደ።
ወደ ግራ ወዘወዘው፣ ዝም፤ ወደ ቀኝ፣ ጮኸ።
ባዶ አሸዋ ላይ። ቦታ ቀየረ፤ እዚያም ጮኸ።
«ይኸው! አላልኩሽም?»

ቁልፉን አስጣልኩት፤ ጮኸ። ጫማውን፤ ጮኸ።
ኪሱን ገለበጠ፦ ክብሪት፣ የተምር ፍሬ፣ ሁለት ሳንቲም። ጮኸ።
አሁን የቀረው እሱ ራሱ ነው።
«እግርህስ?» አልኩት።
የቀሚሱን ጫፍ ከፍ አደረገ፤
ጠባሳው ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል።
«ጉድጓድ ተንዶብኝ» አለ፤ «ኑዋክሾት ብረት አስገቡልኝ፣ ስድስት ብሎን።
የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር።»
ቀጥሎ የሚለውን ጠበቅኩ።
ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጠና
አሸዋውን ከእግሩ ማራገፍ ጀመረ።

ሁለት ብልሽት መስሎኝ ነበር። አንዱ የጨው ሥራ ነው፣ ጠገንኩት።
ሌላውን ብልሽት ነው ብዬ በከንቱ አማሁት፤
ማሽኑ ሲደክምም እንኳ ቅርቡን ብረት ይሰማ ነበር፣
የሰማውንም ይናገር ነበር።

«በግራ እጅህ ያዘው» አልኩት፤ «ብረትህን ከኋላ አስከትለው።»
ግማሽ ዋጋ ከፈለኝ፤ ግማሹን «ወርቅ ሲወጣ» አለ፤ ደብተር ላይ ጻፍኩለት።
እንዲህ ያለ ስም ሃያ ሦስት አለኝ።
በግራው መያዝ እያቃተው ሄደ።

ማታ ጠረጴዛዬን ስጠርግ አምስተኛዋን ብሎን አገኘኋት፣
ዘይት እንደተቀባች።
ይመለስ ይሆናል ብዬ ኪሴ ከተትኳት።