ክሊፕ ከመቅረጼ በፊት

ፍላሹን የሰጠኝ ሙሄ ነው፣ ባለ ባጃጁ፣
ሦስት ዘፈን አለበት፣ ያልተጻፈ ወላጁ።
«ዳንስሆል ነው» አለኝ፣ «ዘይነባ ናት፣ የኮምቦልቻ፤
አስፈራሚ የላትም፣ አሳታሚ የላትም፣ ድምፅ ነው ያላት ብቻ።»

ደብተር ገዛሁ ከፒያሳ፤
ጭጋግ ወርዶ ነበር፣ አይታይም ጦሳ።
ገጽ አንድ ላይ «ማን ናት?» ብዬ አሰመርኩበት።
ካሜራው የአሊጋዝ ነው፣ ሠርግ የሚቀርጽበት፤
ቅዳሜ ከመለስኩ አይጠይቀኝም ኪራይ፣
እሑድ ግን ሙሽራ አለው፣ ሐይቅ መንገድ ላይ።

ሐረጎን ወረድኩ። ጠመዝማዛው ሆድ ይበጠብጣል፤
ደሴ ላይ ጃኬት ያስደረበህ ብርድ መንገድ ላይ ጥሎህ ይቀራል፣
ከታች ቦርከና ይሞቃል።

ልብስ ሰፊው ሸህ አራጋው፦ «ሱሪ አጥብቤላታለሁ፣
ሁለት ጊዜ፤ ሒሳቧን ከፍላለች፤ ሌላ ምን አውቃለሁ?»
ድሮ ካሴት ይሸጥ የነበረ፣ ዛሬ የስልክ ቀፎ የሚጠግነው ደምሰው፦
«ወፍራም ድምፅ ናት፤ ወንድ መስሎኝ ነበር፣ መጀመሪያ ስሰማው።»
«አዲስ አበባ ለምን አትሄድም?» ብለው፣
«ሄዳ መጥታለች» አለ፤ ሌላ አልጨመረም፣ ቀፎውን ወለወለው።

ጎረቤቷ እትዬ የሺመቤት በመስኮት አዩኝ፣
«ምንድን ነህ አንተ ልጅ?» አሉኝ።
«ቀራጭ ነኝ» ብላቸው፣ «እሷ ምን አላት የሚቀረጥ?» አሉና
መስኮቱን ዘጉብኝ።

ደብተሬ ሞላ፦ የሱሪ ልክ፣ የሰፈር ወሬ።
ማታ ደሴ ተመልሼ እቅድ አወጣሁ ከዚያ ሁሉ ፍሬ፦
አንድ ነጭ መኪና ከሆቴል በራፍ፣
ስድስት ጨፋሪ፣ ቀይ መብራት በጣራ ጫፍ፣
ጭስ የሚነፋ ማሽን
(የደሴ ጭጋግ በነጻ እያለ!)፣
የወርቅ ሰንሰለት ኪራይ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ።
እንዲህ ነው ዳንስሆል፣ በስልክ ሳየው የኖርኩት ሁሉ።
ደምሬ ስጨርስ፣ ኪሴና ድምሩ ተጣሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ከፋብሪካው በር ቆምኩ፣
የሌሊት ፈረቃ እስኪወጣ ጠበቅኩ።
ሴቶች ወጡ፣ ፀጉራቸው ላይ ጥጥ ያረፈባቸው፣
ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ፣ የቀላ ዓይናቸው።
አንዷ ቆመች፦ «አንተ ነህ የምትጠይቅ ስለ እኔ?
የሱሪዬን ልክ ታውቃለህ አሉኝ፣ ወይኔ!»
ሳቀች። እውነትም ወፍራም ነው፤ ጆሮ ላይ ይቀመጣል።
«እኔም አስጠይቄሃለሁ። የሠርግ ረዳት ነው፤
ሙሽራ ስታለቅስ ካሜራውን ያዞራል፤
እናቱ ሆጤ ናቸው፤ ቋሚ ደመወዝ የለውም፤
ከድጃ የምትባል ልጅ ወዶ፣ ነግሯት አያውቅም።»

ከንፈሬ ደረቀ።
«ሦስቱን ዘፈን» አለች፣ «ስንት ጊዜ ሰማሃቸው?»
«ብዙ» ልል ነበር።
«አንድ ጊዜ» አልኩ። «እሱንም ባጃጅ ላይ፣ ጥሩምባ እየዋጣቸው።»
«ታዲያ ምኑን ነው የምትቀርጸው?»

አዲስ አበባን ጠየቅኋት። «ፈርሚ አሉኝ፤ አነበብኩት ወረቀቱን፤
ድምፄ የእነሱ፣ ሳሌ የእኔ። መለስኩላቸው እስክሪብቶውን።»

ወደ አጥሩ ወሰደችኝ፤ ጆሮዬን ግንቡ ላይ አስጠጋች፤
ከውስጥ የሽመናው መኪና፦
ጠቅ፣ ጠጠቅ፣ ጠቅ… እግሯን አነሳች።
ጠቅ፣ ጠጠቅ፣ ጠቅ። የመጀመሪያው ዘፈን ምቱ ይኸው፣
ማንም ያላቀናበረው፣ ማንም ያልፈረመው።
ካሜራውን አበራሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፤
እሷ ግን እንቅልፏ መጥቷል። ባጃጅ ጠራች፣ ሄደች።
ጥጡ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ።

ማታ ካሜራውን መለስኩ። አሊጋዝ ካርዱን ከፈተ፦
አርባ ሰከንድ ጨለማ። ደገመው፣ ተመለከተ።
«አንተ ልጅ! ክዳኑን ሳታነሳ ነው የቀረጽከው!» አለና ሳቀ፤
እኔም አፈርኩ፣ አንገቴን ደፋሁ፣
እሱም ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ፣
ግን ከጠረጴዛው ስር እግሩ
ጠቅ
ጠጠቅ
ጠቅ፤
እሱ ራሱ አላወቀ።