ሁለት ሚሊሜትር

ከጥቁር ውሃ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ በስተግራ፣
ዱቄት የሚያድርበት መጋዘን አለ፣ ሌሊት ሌሊት በኔ አደራ።
ጣሪያው ለጥ ያለ ነው፤ ዘንበል ማለት አያውቅም፤
የነደፈው ሰውዬ ሐዋሳ ላይ ዘንቦበት አያውቅም።

ስድስት ሴንሰር አለው፣ ከአግዳሚው ብረት ሥር የታሰረ፣
ብረቱ በጎበጠ ቁጥር በሚሊሜትር እየቆጠረ
ጠረጴዛዬ ላይ ቁጥር የሚያበራ።
ዕቃው የመጣው ጣሪያ በአካፋ ከሚጠረግበት ስፍራ፣
ክረምቱ ነጭ ከሆነበት። መመሪያውም ያዛል፤
«ሠላሳ ሲሞላ በረዶውን ጥረጉ» ይላል።

በረዶ።
ለነሱም ለኛም አንድ ቃል ነው ያለን፤
የነሱ ግን ዝም ብሎ ነው አሉ የሚወርደው፣ ሰው ሳያባንን፣
እንደ ባዘቶ እየተቆለለ ያድራል።
የኛ ባለጌ ነው፤ በሩን በድንጋይ ይመታል።

በቀረው ጊዜ ጣሪያችን የሚሸከመው የአባ ኮዳ ኩስ ነው፣
ከአሞራ ገደል ተሸክሞት የመጣው የዓሣ አጥንት ነው፣
የዋርካ ቅጠል ነው። ላንቃሞ በወር አንዴ ይጠርገዋል፤
አሸንዳው ግን በሦስት ቀን መልሶ ይሞላል።

በሚያዝያ አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣
አላሙራ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ ጆሮ የሚያደማ
የቆርቆሮ ጩኸት።
የላንቃሞ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁ የለም።
ስክሪኑ ብቻ ነው ረጋ ብሎ የሚናገር፤
ዐሥራ አንድ። ዐሥራ ዘጠኝ።
ሃያ አራት።
አራተኛው አግዳሚ ነው። ሃያ ሰባት።

ላንቃሞ መሰላሉን ከግድግዳው አላቋል፣ አካፋውን ይዟል፤
ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ልውጣ?» ይለኛል።

መመሪያው ያልጻፈው ነገር ብዙ ነው፤
መብረቅ ቆርቆሮ እንደሚወድ፣
ላንቃሞ ሰባ ሁለት ኪሎ እንደሚመዝን፣
ከወጣ እሱም እላዩ ላይ እንደሚደመር።
ሴንሰሩ ሰውን ከበረዶ አይለይም፤
እሱም እንደኛ፣ ለሁለቱ አንድ ቃል ነው ያለው፤
ክብደት።

ሠላሳ። ቀዩ በራ። ሠላሳ አንድ።
«ጥረጉ» ይላል። «ጥረጉ። ጥረጉ።»
ማን ይጥረግ እንደሆነ አይልም።
ቁጥሩን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ፤
ከደረቁ ጣሪያ በታች፣ ሻይ አጠገቤ አስቀምጬ።
ራሴን ነቀነቅሁ። አትውጣ።
ጣሪያው ቢወርድ ዱቄት ነው ብዬ ሳይሆን፣
ስለፈራሁ ነው። ይኸው።

አካፋውን ወረወረው።
ረጅሙን የባሕር ዛፍ አጣና ይዞ በጓሮ ዞረ፤
ከአሸንዳው አፍ ሥር ቆሞ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጨለማው፣
እንደ ተናደደ ሰው ይወጋል፣ ይወጋል።
መጀመሪያ አጥንትና ቅጠል፣ አንድ ሙሉ ጭቃ ወረደ፣
ቀጥሎ ውሃው፣
ቀጥሎ በረዶው ራሱ፣ እየተንኳኳ፣ በግራ ትከሻው ላይ።
ሃያ ስምንት። ሃያ።
ዘጠኝ።

ሲነጋ ነጩ ክምር ከግድግዳው ሥር ይላብ ነበር፤
አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ቆመው
ዓሣ ይሁን አይሁን በማንቁርታቸው ይፈትሻሉ።

አምስቱ አግዳሚ ዜሮ ገቡ። አራተኛው ሁለት አለ።
ቀትር ላይ ሁለት።
ፀሐይ ቆርቆሮውን አግላ ከጠለቀችም በኋላ፣ ሁለት።
«ዜሮ አድርጊው፣ አንድ ቁልፍ ነው» አሉኝ ወይዘሮ ዘርፌ፣
«ለኢንሹራንስ ሰዎች አይመችም።»
ቁልፉን አውቀዋለሁ። ሦስት ወር ሆነው፤ አልነካሁትም።

ላንቃሞ ለሥራ ሲገባ ግራ ትከሻውን እያሸ ነው፤
አራተኛው ሥር ሲደርስ ቀና ይላል፣ ሳይቆም።
እንደምን አመሸሽ ማለት ትቷል።
«ስንት ነው?» ይለኛል።
«ሁለት።»