መሬት ያልነካው ሽቦ

በማራዦ ደሴት፣ ወንዝ ከባሕር ሲማታ፣
ጎሽ በአስፋልት መሐል ሲያዘግም ለማታ፣
የዙሌይዴ ኮምቢ፣ ጎኗ የተላጠ፣
ጣሪያዋ ሞንታርቦ እንደ ቀንድ ያስቀመጠ፣
እየዞረች ትነግራለች የሞተውን ሰው ስም፣
ቀብሩ ስንት ሰዓት፣ ከየት እንደሚነሣም።

አንድ ጠዋት መጣች፤ በሩን ሳትዘጋ ጀመረች፦
"ኦሪቫልዶ፣ ስማኝ፤ ይቺ ነገር አበደች።
እኔ መናገር ስጀምር አብራኝ ታላዝናለች፤
ነዳጅ ስረግጥ ትጮኻለች፣ ስለቅቅ ትወርዳለች።
የዶና ኢራሴማን መርዶ ሳነብ ትናንት፣
ልጇ አስቆመኝና፣ 'ትንኝ ውጠሽ ነው?' አለኝ በንዴት።"

እጄን ጠራርጌ ሞተሩን አስነሣሁ፤
ጆሮዬን ከሞንታርቦው አፍ ወስጄ ጣልሁ።
ኢ — ኢ — ኢ —
ቀጭን፣ እንደ ጥርስ ሕመም፣
ከሞተሩ ጋር የሚነሣ፣ ከሞተሩ ጋር የሚደክም።
ዲናሞው ነው የሚያለቅስ፣ ይኼን ልጅም ያውቃል፤
በየት በር እንደ ገባ ግን ማን ሊነግረኝ ይችላል?

መጀመሪያ የማይኩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልሁ፤
እንዳለ ነው። የቴፑን መስመር ለየሁ፤
እንዳለ ነው። አዲስ ገመድ ከመደርደሪያ አወረድሁ፣
ከኃይል መስመሩ አርቄ በሌላው ጎን አሳለፍሁ፤
ትንሽ ቀነሰ። ትንሽ ብቻ። ሕፃን እንደ ማባበል፤
ዝም ይልና፣ መልሶ፣ ትንፋሹን ስቦ "ኢ" ሲል።

"ማጣሪያ ግጠምላት" አለ ጎረቤቴ ኤክስፔዲቶ፣
ዓሣውን እየፋቀ፣ ደጃፉ ላይ ተጎልቶ።
ማጣሪያስ ይገጠማል፣ ገንዘቡም ይገኝ ነበር፤
ግን ምን ይረባል ሻሽ፣ ቁስሉ ሳይታይ ቢታሰር?

በደረቴ ተኛሁ፤ ከወንበሩ ሥር ገባሁ፤
የአምፕሊፋየሩን ሽቦ በጣቴ ተከተልሁ።
ቀዩ ደኅና ነው። ጥቁሩ...
ጥቁሩ ከወለሉ ጋር ታስሯል፣ በብሎን ጠብቆ፤
ሲያዩት ሥራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ቀለም አለ ተደብቆ።
መሬት የነካ ይመስለዋል እንጂ አልነካ፤
ቀለም ላይ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው ለካ!

"ይኼን ማን ነው ያሰረው?" ብዬ ከሥር ጠየቅሁ።
መልስ የለም። የጫማዋን ጫፍ ብቻ አየሁ።
"ቫልዴሚር ነው" አለች፣ ቆይታ። ባሏ። ያምና ሟች።
መርዶውን እሷው ነበረች በዚችው መኪና ያወጀች፤
ሦስት ዙር፣ ከገበያ እስከ ወደብ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር፤
ያን ቀን ትንኙ ነበር? አልነበር?

"ጥሩ አድርጎ ነው ያሰረው" አልኋት ዋሽቼ፤
ብሎኑን ፈታሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አንጽቼ፣
ብረቱ እስኪያበራ፣ እስኪታይ ገላው፤
ሽቦም እንደ ሰው ነው፤ መሬት ካልነካ ዕረፍት የለው።
አሰርሁ። ሞተሩን አስነሣሁ። ነዳጁን ረገጥሁ።
ዝም።
ከወንዙ ማዶ ውሻ ሲጮኽ ሰማሁ።

ሒሳቧን ከፍላ ሄደች፤ እኔም ዋልሁ ኩራቴን ይዤ።
በሳምንቱ ተመለሰች፦ "ላማክርህ መጣሁ፣ ተክዤ።
ሰዉ ቅር ብሎታል። ሽማግሌው ኤውስታኪዮ
ትናንት አስቆመኝ፣ በመስኮት ወጥቶ፣ በእጁ ሬዲዮ፦
'ድሮ ሲርሲርታሽ ከሩቅ፣ ከድልድዩ ይሰማል፤
ሬዲዮዬን እዘጋለሁ፤ ልቤም ወንበሩን ይይዛል።
አሁን ሳልሰናዳ፣ ሾርባዬን ስጠጣ፣
ስም ብቻውን፣ እንደ ድንጋይ፣ በመስኮቴ መጣ።'"

ሣቅሁ። እሷ አልሣቀችም።
ሃያ ዓመት ጩኸት ሳሳድድ የኖርሁ ሰው፣
በቀጭን ሽቦ፣ ያን ቀን፣ በር ከፈትሁ ለልቅሶው፤
ከዲናሞው ጎን አመጣሁት፤ ከመሪው ሥር ማብሪያ ሰጠሁት፤
እሷም በጥፍር ቀለም አንዲት "ቫ" ጻፈችበት።

ዛሬ ዝናም አባርቶ፣ ጭቃው ገና ሳይጠና፣
ከድልድዩ ወዲያ ያ ሲርሲርታ መጣ እንደገና።
መፍቻዬን አስቀመጥሁ፤
ኤክስፔዲቶም ቢላዋውን፤
ዓሣው ብቻ፣ እጁ ላይ፣ እንደ ከፈተ አፉን።