አራት ክረምት

ጀልባ ላይ ስም መጻፍ ነው የእኔ እንጀራ፣
ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ከብሩሼ ጋራ።
ስንቱን ጽፌያለሁ፤ የልጅ፣ የሚስት፣ የታቦት ስም፤
የሞላልኝን ያህል ግን ያደከመኝ የለም።

አምስት ጀልባ አለው፤ አምስቱም ላይ እሱ።
«እዚያ ክብራን ያሉት አባ እንዳይረሱ
አጉልተህ ጻፈው» ይላል፤ ይስቃል ለራሱ።

ሰው ማባበል ያውቃል፤ ክንዴን ደገፍ ይዞ
«ወንድሜ» ይለኛል፣ ሒሳቤን በርዞ።
እንግዳ ሲመጣ ያለቅሳል ስለ እምቦጭ፤
እንባው ክር አለው፣ ሲፈልግ የሚቋጭ።
ሁለቱን ቀዛፊ ቀን አናክሶ ውሎ
ማታ ያስታርቃል፣ «እኔ አባት ነኝ» ብሎ።
ስናማው ውለን ሲመጣ እንነሳለን፤
እኛም ልማዳችን፣ ወንበር እንለቃለን።

«ራሱን ይወዳል» ይላል ሰፈሩ። እንጃ።
የሚወድ ሰው መቼ በየቀኑ ይሻል በቀለም ማስረጃ?

ነሐሴ ነው። ስንሻው፣ ያ ደግ ቀዛፊ፣
ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ወሰደው ወጀብ አላፊ።
በሦስተኛው ቀን ደንገል መሀል አገኙት፣
ሽምብጥ ሚካኤል በዝናብ ቀበሩት።

ሞላልኝ ቀብር አልወጣም፤ ራሱን አመመው።
ማታ ግን ባትሪ ይዞ መጣ፤
የስንሻው ጀልባ ላይ ስሙን ዳሰሰው።
ወጀቡ ልጦታል፤ የቀረው «ሞላ» ነው፤
ሐይቁን ይመስለኛል ያን ጊዜ የሞላው።

«ጻፍልኝ» አለ። «ነገ?» አልኩ። «አሁን ነው፣ ሌሊቱን።»
ከፈትኩ ዘይት የሸተተ የቀለም ጣሳዬን።

«ይሄ ቀለም... ስንት ዓመት ይቆያል?»
«አራት ክረምት» አልኩት፤ «ከዚያ ይላጣል።»
ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰነጠቀ፤
በጨለማው ጉማሬ አጓራ፤ እጄን ጨመቀ።
መዳፉ ቀዝቃዛ፣ እንደ ልጅ የራሰ፤
«አምስተኛው ክረምትስ?» ብሎ ተነፈሰ።

«የሟቹ ደሞዝስ?» አልኩት። «እስቲ በኋላ» አለ።
ፍርሃት ልብ ያራራል ብሎ ማን ነበር ያለ?

ጻፍኩለት እስኪነጋጋ፣ ሁለት ቀለም ደርቤ፤
እሱ ሲሄድ ደግሞ ከጀልባው ሆድ ስር ገባሁ ተስቤ።
ከውሃው ልክ በታች፣ ዓሣ በሚያነብበት፣
የስንሻውን ስም ልጽፍ ነበር የገባሁበት።
በባትሪ አበራሁ፤ አየሁት ጎንበስ ቀና፤
የራሴ ስም ነበር።
አልፋቅሁትም ገና።